ዋናው ሳይነካ፦ የዩኒቨርሲቲ ፋውንዴሽን ምንድን ነው? ለወሎ ጥበብና ትምህርትስ ምን ይሠራል?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ስለ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ስለ ሙዚየሙ ወይም ስለ አምባሰል ዜማ ጨዋታ ከተነሳ፣ ወሬው ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል። «ለምን ፋውንዴሽን አይቋቋምለትም?» ይባላል። ሁሉም ይስማማል። ገንዘቡ የት ይቀመጣል? ማን ያዝዝበታል? በየዓመቱ ስንት ይወጣል? ሲባል ግን ነገሩ ይድበሰበሳል። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት እዚያ የሚድበሰበሰውን ነገር በቀላሉ ለማስረዳት ነው።

ከመሠረቱ እንነሳ። ገንዘብ ማሰባሰብና ፋውንዴሽን ማቋቋም የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ማሰባሰቡን እናውቅበታለን። ቴሌቶን ይዘጋጃል፣ ቃል ይገባል፣ ብሩ ይመጣል፣ ሥራው ይሠራል፣ ብሩ ያልቃል። ለታመመ ሰው ወይም ለፈረሰ ትምህርት ቤት ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። ፋውንዴሽን ግን ጸባዩ ሌላ ነው። የተሰጠው ዋና ገንዘብ ወይም ንብረት አይነካም። ይሠራበታል እንጂ አይበላም። ለዓላማው የሚውለው በየዓመቱ የሚያስገኘው ገቢ ብቻ ነው። ሰጪው ቢያልፍም፣ የዩኒቨርሲቲው አመራር ቢቀየርም ገቢው ይቀጥላል።

የደሴ ሰው ይህን አሠራር ስሙን ሳይጠራ ያውቀዋል። ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ አጥር ጋር ተያይዘው የተሠሩትን የኪራይ ሱቆች አስቡ። ሱቁ አይሸጥም። ኪራዩ ግን የአገልጋዩን ደመወዝ፣ የመብራቱንና የጥገናውን ወጪ ይችላል። በእስልምናው ወገን ወቅፍ የሚባለው ይኸው ነው። ባለንብረቱ ቤቱን ወይም መሬቱን ለመልካም ሥራ ለዘለቄታው ያውለዋል። ከዚያ ወዲያ አይሸጥም፣ አይወረስም፣ ጥቅሙ ግን ለታለመለት ይደርሳል።

በታሪካችንም አዲስ አይደለም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገዳሙን ታላቅ የትምህርት ማዕከል አደረጉት። እንዲህ ያሉ ገዳማትና አድባራት ይኖሩ የነበሩት በጉልትና በሪም፣ ማለትም ለአገልግሎታቸው በተሰጠ መሬት ነው። ዜማ፣ ቅኔ፣ የብራና ጽሕፈትና ሥዕል በአገራችን ለዘመናት የቆዩት ከጀርባቸው የማይቋረጥ ገቢ ስለነበረ ጭምር ነው። በወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት፣ በጀማ ንጉሥ፣ በጌታና በዳና፣ ደረሳው፣ ማለትም የሃይማኖት ተማሪው፣ የሚኖረው በሕዝቡ ስጦታ ነበር። መንዙማውም የተገጠመውና የተሰራጨው እዚያ ነው።

በሌላውም ዓለም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። በካይሮ የአል-አዝሃር የእስልምና ትምህርት ማዕከል ተማሪዎችና መምህራን ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩት በወቅፍ ገቢ ነው። በስዊድን ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ በ1624 እ.ኤ.አ. ከ300 በላይ የራሱን እርሻዎች ለኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ሰጠ። ያ ስጦታ እስከ ዛሬ ለዩኒቨርሲቲው ገቢ ያስገኛል። እርሻውንና ደኑን የሰጠው ንጉሥ ከሞተ ግን 400 ዓመት ሊሞላው ነው።

እኛ ጋ ሰንሰለቱ ተቆርጧል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጉልትንም ሪምንም አስቀረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች ተወረሱ። አዋጆቹ ለጭሰኛው ምን እንዳደረጉ አውቃለሁ፣ እሱን እዚህ አልከራከርበትም። ትምህርትንና ጥበብን በቋሚ ንብረት የማኖር ልማዳችን ግን አብሮ ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዩኒቨርሲቲ ስናስብ የሚታየን የመንግሥት በጀት ብቻ ሆነ።

የመንግሥት በጀት ደግሞ ለኪነ ጥበብና ለሰብአዊ ትምህርት ብዙም አይመችም። አንደኛ፣ በጀት የአንድ ዓመት ነው። ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ያልተጠቀሙበት ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። አንድ የብራና ስብስብ በትክክል መዝግቦ ለመጨረስ ግን አሥር ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ሁለተኛ፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሌላ ነው። አገሪቱ ለዓመታት ተማሪዎችን 70 በመቶ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስና ሰብአዊ ትምህርት ስትመድብ ነበር። ቤተ ሙከራ፣ የተማሪ መኝታ ቤት፣ የሕክምና መሣሪያ ሲቀድም አንድን ኃላፊ መውቀስ አይቻልም። በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴና የኮምቦልቻ ግቢዎች ተዘርፈዋል። የደሴ ሙዚየምም እንዲሁ። እንዲህ ዓይነት ጉዳት ያገኘው ተቋም መጀመሪያ ኮምፒውተርና አልጋ ቢገዛ ተገቢ ነው። የአንድ የመንዙማ ባለሙያ ድምፅ መቅረጽ ግን ወረፋው መቼም አይደርሰውም። ባለሙያው ደግሞ ወረፋውን ጠብቆ አይኖርልንም።

ፋውንዴሽን የሚያስፈልገው ለዚህ ክፍተት ነው። ዩኒቨርሲቲውን የሚተካ አይደለም። መንግሥት ሊከፍል የሚገባውን የመምህር ደመወዝ እንዲከፍልም አልደግፍም። ሥራው በጀት የማይደርስበትንና ፍሬው ዘግይቶ የሚታየውን መያዝ ነው።

እዚሁ ከደጃችን የተነሳ ምሳሌ አለ። አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ከቅዱስ ዮሐንስ ገዳምና ዩኒቨርሲቲ ጋር የተያያዘ የብራና ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ሂል ይባላል። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኢትዮጵያ ጋር በመተባበር የአገራችን ብራናዎች በማይክሮፊልም ተቀዱ። የተቀዱት 9 ሺህ ገደማ ይደርሳሉ። ከእነዚህ አንዱ፣ በቁጥር 1832 የተመዘገበው፣ የሐይቅ እስጢፋኖሱ የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ነው። ወንጌሉ የ13ኛው ክፍለ ዘመን መጽሐፍ ነው። ፊልም ማንሳቱ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነበር። ከባዱ ከዚያ በኋላ መጣ። እያንዳንዱን መጽሐፍ ማንበብ፣ ማን እንደጻፈውና መቼ እንደተጻፈ መለየት፣ በኅዳጉ ላይ ያለውን የመሬት ስጦታ ማስታወሻ ሳይቀር መመዝገብ። ይህን ሥራ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያው ተቀምጠው ለአሥርት ዓመታት የሠሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1988 እ.ኤ.አ. የአሜሪካውን የማክአርተር ሽልማት ያገኙትም በዚህ መስክ ባበረከቱት ሥራ ነው።

ልብ በሉ። አንድ የግዕዝ ሊቅ ሚኒሶታ በረዶ ውስጥ ተቀምጦ የሐይቅን መጽሐፍ ሲያነብ፣ ሠላሳና አርባ ዓመት ሙሉ ደመወዙ መምጣት ነበረበት። መብራቱ መብራት፣ ፊልሙ በተገቢው ሙቀት መቀመጥ ነበረበት። «ይህ ለኢኮኖሚው ምን ይጠቅማል?» የሚል በጀት አጽዳቂ በየዓመቱ ቢመጣ ኖሮ ሥራው ሦስተኛው ዓመት ላይ በቆመ ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ ምስሎች በኢንተርኔት በነፃ ይታያሉ። ደሴ ያለ ተማሪ በስልኩ ሊያያቸው ይችላል። ጥሩ ነው። ግን የወሎን ብራና አንብቦ የሚመዘግብ፣ ደመወዙ የማይቋረጥ ሰው ደሴ ላይ እንዲኖር መመኘት የሚበዛብን አይመስለኝም። በተለይ በዓረብኛ ፊደል የተጻፈው የአማርኛ መንዙማ ገና ብዙ ሥራ ይጠብቀዋል። ያንን ለማንበብ አማርኛውንም፣ ፊደሉንም፣ ሃይማኖቱንም የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ሰው ከሌላ ቦታ ይልቅ ወሎ ውስጥ ይገኛል።

አዲስ አበባም ትንሽ ምሳሌ አላት። በ1963 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተቋቋመ። በ1968 እ.ኤ.አ. ደግሞ የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ተመሠረተ። ማኅበሩ ገንዘብ እያሰባሰበ ለተቋሙ ሙዚየም ሥዕሎችና ቅርሶች እንዲገዙ ረድቷል። ይህ ሙሉ ፋውንዴሽን አይደለም፣ የወዳጆች ማኅበር ነው። ለጀማሪ ግን ጥሩ ደረጃ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄ። ፋውንዴሽኑ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ምን ዓይነት ዝምድና ይኑረው?

የአሜሪካ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ጥሩ ትምህርት ይሆኑናል፣ ምክንያቱም እንደ እኛዎቹ የመንግሥት ናቸው። በ1891 እ.ኤ.አ. የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ወዳጆች ራሱን የቻለ የስጦታ ተቋም አቋቋሙ። በዚያ አገር ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመ የመጀመሪያው ፋውንዴሽን እሱ ነው። ተቋሙ የግለሰብ ስጦታ ከመንግሥት ካዝና ጋር ሳይቀላቀል እንዲያዝ አስችሏል። ዛሬ አብዛኛው የአሜሪካ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ ተቋም ከጎኑ አለው። ፋውንዴሽኑ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት፣ የራሱ ቦርድ፣ የራሱ ሂሳብ አለው። ዩኒቨርሲቲው ፍላጎቱን ያቀርባል፣ ፋውንዴሽኑ በደንቡ መሠረት ይከፍላል።

የእኛ ሕግ ለዚህ በር አለው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተለያዩ አደረጃጀቶችን ይፈቅዳል። አንዱ በቦርድ የሚመራ ድርጅት ነው። ሌላው የበጎ አድራጎት ኢንዶውመንት ነው፦ አንድ ንብረት ለበጎ ዓላማ ብቻ፣ ለዘለቄታው፣ ላይመለስ የሚሰጥበት። በባለአደራዎች የሚተዳደርም አለ። ምዝገባው የሚከናወነው በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው። ድርጅቱ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ መሥራት ይችላል፣ ትርፉ ግን ለዓላማው እንጂ ለመሥራቾቹ አይከፋፈልም። ለአስተዳደር የሚወጣው ወጪም ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ኢንዶውመንት ሲባል ብዙ ሰው ከፓርቲ ጋር የተያያዙ ኩባንያዎች ትዝ ይሉታል፣ ጥርጣሬውም የመጣው ከዚያ ነው። በሕጉ ላይ ያለው ሐሳብ ግን ያ አይደለም።

በስም ብቻ ፋውንዴሽን የሆኑም አሉ። ዋና ገንዘብ የላቸውም፣ በየዓመቱ ከለጋሽ የሚመጣውን ተቀብለው ፕሮጀክት ይሠራሉ። መጥፎ ነገር አይደለም። ለጋሹ ሲሄድ ግን እነሱም ይሄዳሉ። ስለዚህ አንድ ሰው ወደ እናንተ መጥቶ «ፋውንዴሽን ነን» ካለ፣ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «የማይነካው ገንዘብ ስንት ነው? የትስ ነው ያለው?» ይሁን።

ገንዘቡ የት ነው ያለው የሚለው ጥያቄ እኛ አገር ከሁሉም ይከብዳል። ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም እንበል። በውጭ አገር ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች በዓመት የሚያወጡት ከገቢው ላይ የዋናውን ገንዘብ ከ4 እስከ 5 በመቶ ገደማ የሚያህል ብቻ ነው። የተቀረው ገቢ ወደ ዋናው ይመለሳል፣ የዋጋ ንረት እንዳይበላው። የአሜሪካው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ2024 እ.ኤ.አ. ከ53 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበረው። በየዓመቱ የሚያወጣው ግን ወደዚያው 5 በመቶ ይጠጋል።

የእኛ ችግር ንረቱ ነው። በቀላል ሂሳብ እንየው። እንበልና አንድ የደሴ ፋውንዴሽን 20 ሚሊዮን ብር ሰበሰበ፣ ባንክ አስቀመጠው፣ በዓመት 10 በመቶ አገኘ። ዓመቱ ሲያልቅ 22 ሚሊዮን ሆነ። ደስ ይላል። ነገር ግን በዚያው ዓመት ዋጋ 15 በመቶ ቢጨምር፣ ባለፈው ዓመት በ20 ሚሊዮን ይገዛ የነበረው አሁን 23 ሚሊዮን ይጠይቃል። ፋውንዴሽኑ አንዲት ብር ሳያወጣ 1 ሚሊዮን ከሰረ ማለት ነው። ወለዱን ለነፃ ትምህርት ዕድል ካወጣው ደግሞ ዋናው ይበልጥ ይቀልጣል። ይህ የተጋነነ ምሳሌ አይደለም። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የአገራችን የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ የሄደባቸው ወራት ነበሩ፣ የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው ደግሞ 7 በመቶ ነበር። ጥሬ ብር ባንክ አስቀምጦ «ዘላለማዊ» ማለት አያስኬድም።

ደሴ ላይ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ከሰጪዎቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፣ ወለድ ደግሞ ሐራም ነው። «ገንዘቤ በወለድ እንዲሠራ አልፈልግም» የሚል ነጋዴ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። ከመጀመሪያው በደንቡ ላይ መልስ ሊያገኝ ይገባል። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ ላይ ናቸው፣ ዘምዘም የመጀመሪያው ነው። ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮት አላቸው። ዋናው ገንዘብ በሕንፃ ኪራይ ወይም በትርፍና ኪሳራ ድርሻ ቢሠራ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለ ቅሬታ ይሰጣል። ከንረትም የተሻለ ይጠብቃል። ኪራይ ከገበያው ጋር ይጨምራልና።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ለደሴና ለኮምቦልቻ የመጀመሪያው ዋና ሀብት የሚከራይ ንብረት ቢሆን ይሻላል። ፒያሳ ወይም አራዳ ላይ ሁለት ሱቅ፣ ኮምቦልቻ ላይ አንድ መጋዘን። ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ከተማ ናት፣ ፓርኩ፣ ፋብሪካዎቹና ደረቅ ወደቡ መጋዘን ይፈልጋሉ። ግን ሁሉንም አንድ ቦታ ማድረግም አይገባም። ጦርነቱ ምን እንዳስተማረን የሚረሳ የደሴ ሰው ያለ አይመስለኝም። የተወሰነው ድርሻ በአክሲዮን ሊያዝ ይችላል። በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ፣ አክሲዮን የሚገዛበትና የሚሸጥበት ማለት ነው፣ ገና ልጅ ቢሆንም ወደፊት መንገድ ይከፍታል። የሚወጣው ደግሞ ከገቢው ግማሽ ቢሆን፣ ግማሹ ለጥገናና ለዋናው ማጠናከሪያ ቢመለስ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራ ትንሽ ይሆናል። ይሁን።

ለድርጅቶች አንድ ነገር ላክል። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት፣ ግብር ከፋይ ሕጉ ለሚፈቅዳቸው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሰጠው ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪነት ሊያዝለት ይችላል። ሕጉ ማሻሻያ ስለሚገባበት ከሂሳብ ባለሙያችሁ ጋር ተነጋገሩ። ነገር ግን ብዙ ነጋዴ ይህ መብት እንዳለው አያውቅም።

ማን ያዝዝበት? እዚህ ላይ ግትር ነኝ። ዩኒቨርሲቲው በቦርዱ ላይ ወንበር ይኑረው፣ አብላጫ ድምፅ ግን አይኑረው። ፕሬዚዳንት ይሾማል፣ ይነሳል። በጀት ሲያጥረው የጎረቤት ካዝና ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ሰው ስለሆነ ነው። ቦርዱ ላይ የሂሳብ ባለሙያ፣ የሕግ ባለሙያ፣ ከቀድሞ ተማሪዎች የተመረጠ ሰው፣ እንዲሁም ጥበቡን ከውስጥ የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑር። የቅኔ መምህር ይሁን፣ የመንዙማ ባለሙያ ወይም ማሲንቆ ተጫዋች። የውጭ ኦዲት በየዓመቱ፣ ውጤቱም ለሕዝብ ይፋ።

ሰጪውም ገደብ ያስፈልገዋል። ሃርቫርድ ካለው ገንዘብ 80 በመቶ ገደማ የሚሆነው ሰጪዎቹ ለተወሰነ ዓላማ ብቻ እንዲውል የሰጡት ነው። ዩኒቨርሲቲው ሀብታም ቢመስልም በብዙው ገንዘብ እንደፈለገ ማዘዝ አይችልም። መጠን ካለው ይህ ጠቃሚ ነው። «ለአምባሰልና ለባቲ ዜማ ቀረጻ» ብሎ መስጠት ጥሩ ነው። «ለልጄ ጓደኛ ሥራ ስጡ»፣ «ይህን ታሪክ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ» ማለት ግን አይቻልም። ሰጪው ዓላማውን ይመርጣል። የጥናቱን ውጤት ግን አይመርጥም። በተለይ ታሪክ ላይ ይህ መስመር ከተጣሰ ፋውንዴሽኑ የጥል ምንጭ ይሆናል።

በምን ይጀመር ለሚለው፣ ሕንፃ መገንባትን መጨረሻ ላይ አድርጉት። ሪባን የሚቆረጥለት አዳራሽ ዋናውን ገንዘብ ይውጠዋል፣ ከዚያ ለጽዳት ሠራተኛ የሚከፈል ይጠፋል። ከአራቱ የኢትዮጵያ የዜማ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ከወሎ ቦታዎች ነው። በየገጠሩ ያሉ ትልልቅ ሰዎች ሲያንጎራጉሩ በጥሩ ድምፅ ይቀረጽ። ፈቃዳቸው በጽሑፍ ይያዝ፣ ይከፈላቸውም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞችም መብት ይሰጣል። ቅጂው ደሴ፣ ኮምቦልቻና አንድ ሌላ ከተማ ይቀመጥ። ከዚያ በወር አንድ ምሽት በነፃ ለሕዝብ የሚቀርብ ንግግር። ባለሱቁም፣ የባጃጅ ሾፌሩም፣ የሰኞ ገበያ ነጋዴዋም ገብታ የምትሰማው፣ በቀላል አማርኛ። ዩኒቨርሲቲ ከግቢው አጥር ወጣ ብሎ ለሕዝብ የሚያስተምርበት ርካሹ መንገድ ይህ ነው። አንድ መምህር፣ አንድ ማይክ፣ ሻይ። ለከተማው ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት በየዓመቱ ጥቂት አዳዲስ የአማርኛ መጻሕፍት መግዛትም እዚሁ ይገባል።

በስተመጨረሻ የመተዳደሪያ ደንቡን ረቂቅ ስታነቡ ብዙ ሰው የሚዘለውን አንቀጽ ፈልጉ፦ ፋውንዴሽኑ ቢፈርስ ሱቁ፣ ካሴቱና የብራና ቅጂው ለማን ይተላለፋል የሚለውን። በሕግ ለተመሳሳይ ዓላማ ለቆመ ሌላ ተቋም እንዲሄድ፣ ተቋሙም በስም እንዲጠቀስ አድርጉ። የድምፅና የብራና ቅጂዎቹ ከወሎ እንዳይወጡ ብትጽፉበት ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ያ አንቀጽ ሳይሞላ ፊርማችሁን አታኑሩ።